ለማርታ፣ አስር ፍሬ በቆሎ ኪሴ ውስጥ ይዤ

ማርታዬ፣

ከተለያየን ይኸው አራት ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ደብዳቤ ስጽፍልሽ ግን የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለዘገየሁ ይቅርታ። የምነግርሽ ጠፍቶኝ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። በየእሑዱ መቃብርሽ ድረስ እየመጣሁ የጂንካን ወሬ ከላይ እስከ ታች ስዘረግፍልሽ ከርሜያለሁ። አጠገብሽ ያረፉት ጎረቤቶችሽ መነሣት ቢችሉ ኖሮ እስካሁን ሰፈር ቀይረው ነበር። ዛሬ በጽሑፍ ያደረግኩት ጉዳዩ ክብደት ስላለው ነው፤ የማቀርብልሽ የድል ሪፖርት ነው። ሠላሳ ዓመት ሪፖርት የጻፈ እጄ አንድ ጊዜ እንኳ እውነቱን ይጻፍ ብዬ፣ መነጽሬን ጠራርጌ ጠረጴዛው ላይ ተሰይሜያለሁ።

ከድሉ በፊት የቤቱን ነገር ላስቀድም። የተከልሻት አቮካዶ ዘንድሮ ቅርንጫፏ እስኪጎብጥ አፍርታ፣ ለጎረቤት ማደሉ ራሱ ሥራ ሆኖብኛል። አስፋልቱ ደጃፋችን ድረስ መጥቷል፤ አቧራውን ማማት ትተን አሁን የምናማው ባጃጁን ነው። ልጃችን ሳራ አርባ ምንጭ ማስተማሯን ቀጥላለች። በየቀኑ እየደወለች "አባዬ፣ በላህ?" ትለኛለች፤ እኔም "አዎ" እላለሁ፤ ሁለታችንም ያመንን እንመስላለን። የስፌት መኪናሽ በረንዳው ላይ ነው። ስለ እሱ ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

ሜጋፎኔ ግን ወግ ደርሶታል። የጤና አስተማሪ ሆኜ በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ቆሜ ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ አጎበር ስጮህበት የኖርኩት፣ ከተማው "ጡሩምባው" የሚል ማዕረግ እንዲሰጠኝ ያደረገው ያ ነጭ ሜጋፎን፣ ጡረታ ስወጣ በስጦታ እንደተሰጠኝ ታስታውሻለሽ። አሁን ጓሮ መደርደሪያው ላይ ተጋድሟል፤ ቀይዋ ዶሮ አፉ ውስጥ እየገባች ትጥልበታለች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከዚያ አፍ ለሰው የሚጠቅም ነገር ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ ወደ ያዕቆብ ልምጣ።

ሆስፒታል በተኛሽ በሦስተኛው ቀን፣ ግማሽ ጎንሽ እምቢ ካለሽ በኋላ፣ በደህናው እጅሽ እጄን ይዘሽ አንድ ነገር ብቻ አልሽኝ፦ "ያዕቆብን አደራ።" ማብራሪያ አላስፈለገውም። ደም ግፊቱ የሁለታችሁም ነበር። አንቺ ኪኒንሽን አንድ ቀን ሳታጓድዪ ትውጪ ነበር፤ እሱ ደግሞ ኪኒኑን በሚነዳው የጭነት ኢሱዙ መሳቢያ ውስጥ ከፊውዝና ከክብሪት ጋር ያስቀምጠዋል። እኔም ደረቴን ነፍቼ "አይዞሽ፣ እነግረዋለሁ" አልኩሽ። ያኔ ዓይንሽን ጨፈንሽ። ሕመሙ ጠንቶብሽ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ያደከመሽ "እነግረዋለሁ" የምትለዋ ቃል ናት።

ቃሌን ጠበቅኩ፤ ነገርኩት። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነገርኩት፣ ገበያ መሐል ነገርኩት፣ በስልክ ነገርኩት። "ያዕቆብ፣ ልብህ! ያዕቆብ፣ ኩላሊትህ! ያዕቆብ፣ ጨው!" እያልኩ ከሰውነት ክፍሎቹ አንድም ሳላስቀር በተራ ጠራሁለት። እሱም "እሺ ጋሼ" ይለኛል። በዚህ አገር "እሺ ጋሼ" ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የሥራ ዘመኔን ሙሉ የሰበሰብኩት እሱን ነው። ኋላማ ከሩቅ ሲያየኝ መኪናው ሥር ገብቶ መፍቻ ማንኳኳት አመጣ። አንድ ቅዳሜ ለግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ጨው ጉዳት ከመኪናው ሥር ብቅ ላሉ ሁለት ጫማዎች አስተማርኩ። ጫማዎቹ በጨዋነት አዳመጡኝ። ለካ ባለቤታቸው በወዲያኛው በኩል ሾልኮ፣ ባዶ እግሩን ሻይ ቤት ተቀምጦ ኖሯል።

ሳቂ፤ እኔ ግን ያኔ አልሳቅኩም። ባለፈው ዓመት ከኦሞራቴ ዓሣ ጭኖ ሲመለስ፣ ቱርሚን እንዳለፈ ዓይኑ በድንገት ጨለመበት። መኪናውን እንደምንም ዳር አስይዞ፣ ዓይኑ እስኪጠራለት ድረስ መሪውን አቅፎ ተቀመጠ። ሐኪሙ ለልጁ ለሩት ሳይሸፋፍን ነገራት፦ አባትሽ በዚሁ ከቀጠለ የአክስትሽ ዕጣ ነው የሚደርሰው። ሩት እያለቀሰች ወደ እኔ መጣች። "ጋሼ፣ በናትህ አንድ ነገር አድርግ" አለችኝ። ንገረው ብትለኝ ኖሮ ሜጋፎኑን ከዶሮዋ ቀምቼ እሄድ ነበር። እሷ ግን "አድርግ" ነው ያለችኝ። ከመንገር ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር እንደሌለኝ ያን ዕለት ገባኝ። አደራሽን ይዤ ባዶ እጄን ቆምኩ።

በዚያው ሰሞን ለጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ተዘጋጅቶ፣ "ነባር አስተማሪዎችም ይገኙ" ተብሎ ተጠራሁ። አዳራሹ ፊት ለፊት ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፦ "ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ፦ ለባህርይ ለውጥ ተነሣሽነትን የሚያጎለብት ቃለ ምልልስ።" ግድግዳው አልበቃ ብሎ "ምልልስ" የምትለዋ እጥፋቱ ውስጥ ስለገባች፣ ሥልጠናው እስኪያልቅ ፊታችን የነበረው "ቃለ" ብቻ ነበር። በእኔ ልክ የተሰፋ ነው፤ ቃሉን እንጂ ምልልሱን መቼ አውቄው!

አሠልጣኟ ሲስተር ምሕረት የሳራ እኩያ ናት። ገና ስንጀምር ለእያንዳንዳችን አስር አስር ፍሬ በቆሎ አደለችን። ጥንድ ጥንድ ሆነን እንቀመጣለን፤ አንዱ የከበደውን ነገር ይናገራል፤ ሌላው ይጠይቃል፣ ያዳምጣል። ሳይፈቀድለት ምክር የሰጠ፣ በያንዳንዱ ምክር አንድ ፍሬ ለባልደረባው ያስረክባል። ለእኔ የደረሰኝ ከካንጋተን የመጣ ዝምተኛ ነርስ ነው። "ስልኬ ላይ ሳፈጥ እንቅልፌን..." ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ አራት ፍሬ አስረክቤያለሁ። ሻይ ዕረፍት ሳይደርስ አስሩም አለቁ። ሲስተር ምሕረት መጥታ ባዶውን መዳፌን አየች፣ የነርሱን ሙሉ እፍኝ አየች፣ "ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ እኮ ለዚህ አካባቢ ዶሮዎች ትልቅ ተስፋ ነዎት" አለችኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዶሮዬን ማን እንደነገራት አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ራሷ ሠርታ አሳየችን። ነርሱን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ፣ "ይሄ ስልክ ምን ይሰጥሃል?" ብላ ጠየቀችው። ለመውቀስ ሳይሆን በእርግጥ ማወቅ እንደፈለገ ሰው ነው የጠየቀችው። ነገራት። የቃሉን ጫፍ ይዛ መልሳ አቀበለችው። ቀጠለና ሌላ ነገራት። ከዚያ "ምንስ ይወስድብሃል?" አለችና ዝም አለች። ዝምታው እኔን አሳከከኝ፤ እሷን ግን ቅንጣት አላስቸኮላትም። ልጁ ራሱ እየፈለገ፣ ራሱ እያወጣ፣ በመጨረሻ ስልኩን ሌላ ክፍል ትቶ መተኛት እንደሚሻለው ራሱ ተናገረ። "አያችሁ" አለችን፣ "ሰው አፉ ላይ ያልመጣውን ነገር እግሩ አይሠራውም። የራሱን ቃል መልሳችሁ አቀብሉት፤ ራሱን ይስማው።"

ማርታ፣ ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በገዛ ቤቴ ሲደረግብኝ ኖሯል!

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ገደማ፣ ሳራ ገና ስትድህ፣ እኔ በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራ የማነድ ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን በጓሮ በር በኩል ተቀምጠሽ ምስር እየለቀምሽ፣ "ታዴ፣ ይቺ ሲጋራ ምን ትሰጥሃለች?" አልሽኝ። እኔ ለጠብ ተዘጋጅቼ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ጠብ ግን አልመጣም። ድካም ታወጣልኛለች አልኩ። "ድካምህን ታወጣልሃለች" አልሽ። ከሰው ታጫውተኛለች አልኩ። "ከሰው ታጫውትሃለች።" ከዚያ "ምንስ ትወስድብሃለች?" ብለሽ ወደ ምስርሽ ተመለስሽ። እኔ ዝም፣ አንቺ ዝም፣ ጠጠር ሰፌዱ ጠርዝ ላይ ጠብ። ብዙ ቆይቼ፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ፣ "ሳራን ሳነሣት ከሲጋራው ሽታ ፊቷን ታዞርብኛለች" አልኩ። አንቺም ቀስ ብለሽ "ፊቷን ታዞርብሃለች" አልሽ።

እኔስ ምን አልኩሽ? "ጎሽ! አማርኛሽ እየተስተካከለ ነው" አልኩሽ።

አዎ፣ ማርታዬ። ኃጢአቴን ሳልሸፋፍን ልናገር። አንቺ በአሪኛ አፍሽን የፈታሽ፣ አማርኛን ትምህርት ቤት ያገኘሽው፤ እኔ ደግሞ ከሰሜን መጥተው እዚህ ከከተሙ ሰዎች ቤት የተወለድኩ፣ አማርኛን የአባቴ ርስት ያደረግኩ። ቃሌን መልሰሽ ስትዪልኝ ቋንቋ እየተለማመድሽ ይመስለኝ ነበር! "እንዲያ ነው የሚባለው"፣ "በርቺ"፣ "አሁንስ ጂንካን አልፈሽ አዲስ አበባም ትናገሪያለሽ" እያልኩ ስሸልምሽ ኖርኩ። አንቺም አንድ ቀን ሳታርሚኝ ሽልማትሽን ትቀበዪ ነበር። ፈገግ ትዪ እንደነበር ግን ትዝ ይለኛል።

ሲጋራውን በሦስተኛው ሳምንት ተውኩት። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ መላው ደቡብ ኦሞ ምስክር ነው፦ ሜጋፎን ይዤ "እኔ በራሴ ብርቱ ውሳኔ፣ ማንም ሳይረዳኝ" እያልኩ ከማጎ ጥግ እስከ ወይጦ ዳር ተረክኩ። ይህን ሁሉ አስታውሼ ሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ እጄን አወጣሁ። "ሲስተር፣ ይህ ነገር በእኔ ላይ ተፈጽሞብኛል" አልኩ፣ ፖሊስ ጣቢያ ቃል እንደሚሰጥ ሰው። "ማን ፈጸመብዎ?" አለች። "ባለቤቴ። ያውም ያለ ባነር፣ ያለ አበል።" ሁሉም ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ "እሷን ብናገኛት ደስ ይለን ነበር" አለች። እኔም እጄን አውርጄ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላማ አንዱ ትዝታ ሌላውን እየጎተተ መጣ። ያ በረንዳሽ! ቀሚስ ለማሳጠር የሚመጡት ሴቶች አንቺ መርፌ ክር እስክትከቺ ሲያወሩሽ፣ አንቺ ሜትሩን አንገትሽ ላይ ጣል አድርገሽ "እና አንቺ ምን አሰብሽ?" ስትያቸው፣ ቀሚሱ አጥሮ ሴትዮዋ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ። ያቺ ለአምስተኛ ልጇ ቤቴ ነው የምወልደው ብላ ያስቸገረችን ሴት እንኳ ካንቺ በረንዳ ተነሥታ ሄዳ ሆስፒታል ወለደች። እኔ ግን በሪፖርቴ "በድምፅ ማጉያ በተሰጠው የማያቋርጥ ትምህርት ምክንያት" ብዬ ጻፍኩ። ድምፅ ማጉያ የተባልሽው አንቺ ነሽ እንግዲህ። ይኸው ዛሬ በሕጋዊ መንገድ አርሜዋለሁ።

ኦሞራቴስ? ያዕቆብ በመኪናው ይዞን የወረደ ጊዜ። እኔ ዛፍ ሥር ቆሜ ለዳሰነች ሰዎች "አጎበሩን ከጣሪያው ወጋግራ ላይ በአራት ማዕዘን አጥብቃችሁ እሰሩ!" ብዬ ስጮህ፣ አንቺ ከሴቶቹ ጋር መሬት ተቀምጠሽ ነበር። ስንመለስ ጋቢናው ውስጥ፣ በያዕቆብና በእኔ መሐል ተጣብቀሽ፣ "ታዴ፣ ቤታቸው ገብተህ አይተኸዋል?" አልሽኝ። አላየሁትም። ክብ፣ ዝቅ ያለ፣ ወጋግራ የሌለው፣ ማዕዘን የሚባል ያልፈጠረበት ቤት ነው። ሙቀት ሲሆን ደግሞ ሰው የሚተኛው ውጭ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ አጎበሩን መረብ ሊያደርጉት ወንዝ ቢወስዱት፣ ማሰሪያ ያገኙለት እዚያ ስለሆነ ነው። እኔ ግን "ዝርዝር ውስጥ አንግባ" አልኩሽ። ያዕቆብ ማርሹን ቀይሮ፣ በመስታወቱ አየኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እናም ሥልጠናው ባለቀ በማግስቱ አስር ፍሬ በቆሎ ቀኝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ሕጉን ራሴ አወጣሁ፦ ምክር ባመለጠኝ ቁጥር አንድ ፍሬ ወደ ግራ ኪሴ ትሻገራለች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ለጌጥ የሰቀልናትን በርኮታ አወረድኳት። ያዕቆብ ከሐመር ገበያ ያመጣልንን፣ እዚያ ወንዶቹ በእጃቸው አንጠልጥለዋት የሚዞሩትን፣ የደከማቸው ቦታ ላይ የሚቀመጡባትን ያቺን ትንሽ የእንጨት መቀመጫ። ጡሩምባው እኮ በሕይወቱ ተቀምጦ አስተምሮ አያውቅም።

ያዕቆብ እንደ ልማዱ ኢሱዙው ሥር ገባ። እኔ ጎማው አጠገብ በርኮታዬን አስቀምጬ ዝቅ አልኩ። ዝም አልኩ። መፍቻው ተንኳኳ፣ ተንኳኳ፣ ቆመ። ከሥር "ጋሼ፣ አለህ?" አለኝ። "አለሁ።" "አመመህ እንዴ?" አለና ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ። ጫማው እግሩ ላይ መሆኑን አረጋገጥኩ።

"ያዕቆብ፣ ስለ ኪኒኑ ልጠይቅህ ትፈቅድልኛለህ? ካልፈለግክ ስለ ጎማ እናወራለን" አልኩት። ሰውዬው በሕይወቱ ፈቃድ ጠይቄው ስለማላውቅ የሆነ ሰው የሞተ መሰለው። "ጠይቅ" አለኝ በፍርሃት። "ከዜሮ እስከ አስር ነጥብ ብትሰጠው፣ ኪኒኑን መዋጥ ላንተ ምን ያህል አስፈላጊ ነው?" አሰበና "አራት" አለ። "ለምን አራት ሆነ? ለምን አንድ አልሆነም?" አልኩት። "ለምን አስር አልሆነም ብለህ የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር እኮ!" አለ። "አልጮህም፤ ጨው የበዛበት ነገር ግን..." ብዬ ጀመርኩና ምላሴን ነከስኩ። አንዲት ፍሬ ወደ ግራ።

አራት የሆነው፣ አለ ያዕቆብ፣ ሩት መንጃ ፈቃድ ልታወጣ እየተማረች ስለሆነ ነው። ይህን መኪና ነድታ ኦሞራቴ ስትወርድ፣ እሱ ጋቢናው ውስጥ እንደ ባለሥልጣን ክንዱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ "ቀስ በይ፣ ጉድጓድ አለ" እያለ ሊበጠብጣት ይፈልጋል። ያን ቀን ሳያይ መሞት አይፈልግም። "ያን ቀን ማየት ትፈልጋለህ" አልኩ። "አዎ፣ በዚህ ዓይኔ" አለ፣ ጨልሞበት የነበረውን ዓይኑን እየነካ።

ታዲያ ምን ያስቸግርሃል ስለው ዙሪያውን ገላምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ኪኒኑ ሽንት ያበዛበታል። ከዲመካ ወዲያ ሜዳው ገላጣ ነው፤ መኪናው ገበያተኛ ሴቶች ጭኗል፤ እሱ በየግማሽ ሰዓቱ እያቆመ ዛፍ ፍለጋ ይሮጣል። ሴቶቹ "ውሃ ልማት" ብለው ስም አወጡለት። "አንተ ጡሩምባው ብትባል ቢያንስ ክብር አለው ጋሼ!" አለኝ። ማርታ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ልቡና ስለ ኩላሊቱ ስጮህ፣ ችግሩ ከኩላሊቱ ትንሽ ወረድ ብሎ ነበር። ማንም ስላልጠየቀው ማንም አላወቀም። እዚህ ላይ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ "ላስቲክ ጠርሙስ ያዝ" ብዬ ሁለተኛዋን ፍሬ፣ ወዲያው ደግሞ "ቀደም ብለህ ተነሣ" ብዬ ሦስተኛዋን አሻገርኩ።

ከዚያ ያዕቆብ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ጠረገ፣ ጠረገ፣ የጠራውን ደግሞ ጠረገ። "እውነቱን ልንገርህ?" አለ። "እሷ አንድ ቀን ሳታጓድል ዋጠች። ደወል እንደተደወለላት በሰዓቱ ትውጥ ነበር። ሞተች። ታዲያ እኔ የምውጠው ለምንድን ነው?"

ይህን ስሰማ፣ ማርታዬ፣ ሠላሳ ዓመት ያጠራቀምኩት ትምህርት በሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰለፈ። መልሱ ነበረኝ። በሽታው ዘግይቶ እንደተገኘብሽ፣ ኪኒኑ ባይኖር ቀድመሽ ትሄጂ እንደነበር፣ ሁሉንም በነጥብ በነጥብ መዘርዘር እችል ነበር። ኪሴ ውስጥ የቀሩትን ሰባት ፍሬዎች ጨበጥኩ። እስኪያምመኝ ጨበጥኩ። ከዚያ አንቺ እንደምትዪው፣ ቀስ ብዬ፣ "እሷን ያላዳናት እኔንም አያድነኝም ብለህ ፈራህ" አልኩት።

ወንድምሽ አለቀሰ። ቀብርሽ ላይ ያላለቀሰውን፣ ሰው ሲያጽናና የዋለውን፣ ጎማው ላይ ተደግፎ አለቀሰው። እኔም አብሬው ነበርኩ። ማንም ለማንም ምንም አልነገረም። ሲረጋጋ አፍንጫውን በዚያው ግራሶ በነካው ጨርቅ ጠርጎ፣ ፊቱን ጥላሸት አስመስሎ፣ "እሷ ግን እስከ መጨረሻው ስፌቷን ሰፍታለች። ዓይኗ አልጨለመም" አለ። "ዓይኗ አልጨለመም" አልኩ። "ሐኪሙን ሌላ ዓይነት ኪኒን የለህም ወይ ብዬ ልጠይቀው መሰለኝ። ይሄ ሽንቱን እንኳ ነግሬው አላውቅም" አለ። እኔ አልነገርኩትም! ራሱ ነው ያለው! በልቤ እልል አልኩ፤ በአፌ ግን "መቼ ይመስልሃል?" ብቻ አልኩ። "ሰኞ" አለ።

ከዚያ ያቺን የአማርኛ ልምምድ ጉዳይ ተናዘዝኩለት። ያዕቆብ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ጋሼ፣ እሷ እኮ በአሪኛም እንዲሁ ነበረች!" አለኝ። የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሽ፣ አባታችሁ በእንሰት ድንበር ከጎረቤት ተጣልቶ ዱላ ይዞ ሲወጣ በር ላይ ቆመሽ "አባ፣ ከመታኸውስ በኋላ?" እንዳልሽው፣ አባታችሁም መልሱን ሲፈልግ ቀኑ እንደመሸበት ነገረኝ። ይህን ለእኔ ነግረሽኝ አታውቂም። ጠይቄሽ አላውቅማ።

እንግዲህ ድሉ ይኸውልሽ፦ ያዕቆብ ሰኞ ሄደ። ሐኪሙ ኪኒኑን ለወጠለት። "ውሃ ልማት" የሚለው ስም በሕዝብ ዘንድ ቢቀጥልም መሠረቱ ፈርሷል። ግፊቱን በየወሩ ይለካል፤ ወርዶለታል፤ ወረቀቱን እንደ መንጃ ፈቃድ ኪሱ ይዞ ይዞራል። ባለፈው ወር ሩት መሪውን ይዛ፣ እሱ ክንዱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ እኔ መሐል አንቺ የነበርሽበት ቦታ ተጣብቄ፣ ኦሞራቴ ወረድን። "ቀስ በይ፣ ጉድጓድ አለ" ሲላት፣ "አባዬ፣ ጉድጓዱ ምን ይሰጥሃል?" አለችው። ነገሩ በቤተሰቡ ተዛምቷል፤ የሚያቆመው የለም።

ለእኔም ደረሰኝ። አንድ ከሰዓት ያዕቆብ በረንዳችን ላይ አቮካዶ እየላጠ፣ ወደ ስፌት መኪናሽ በአገጩ እየጠቆመ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ተሸፍኖ መቀመጡ ምን ይሰጥሃል?" አለኝ። ገባኝ፤ ወጥመዱን አውቀዋለሁ፤ ግን ገባሁበት። በአረንጓዴ ጨርቋ እንደሸፈነችው መሆኑን ማየት እፈልጋለሁ አልኩ። ጨርቁን ካነሣሁት የእጇ እጥፋት ይጠፋል አልኩ። "የእጇ እጥፋት ይጠፋል" አለ። "ምንስ ይወስድብሃል?" ከጓሮ፣ ከሜጋፎኑ ውስጥ፣ ዶሮዋ ታስካካለች። "የሴቶቹን ድምፅ" አልኩ። በረንዳው ዝም ካለ አራት ዓመት ሆነው፤ እኔ ያን ዝምታ በወሬ ልሞላው ስለፋ ነው ጎረቤት ሁሉ የሸሸኝ። "የሴቶቹን ድምፅ" አለና አቮካዶውን ዘረጋልኝ።

አረንጓዴውን ጨርቅ በሳምንቱ አነሣሁት። ከነእጥፋቱ ሳጥንሽ ውስጥ ነው። ካንቺ ዘንድ ስፌት የተማረችው ታሪኳ አሁን በየጠዋቱ መጥታ ትሠራበታለች። ሴቶቹ ተመልሰዋል። እኔ በርኮታዬ ላይ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ፤ ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ፤ አንዳንዴም "እና አንቺ ምን አሰብሽ?" እላለሁ። ባለፈው አንዷ ለታሪኳ በሹክሹክታ፣ "ጋሼ ዝም ያሉት በደህናቸው ነው?" ስትላት ሰማሁ። ከተሰጡኝ የምስጋና ወረቀቶች ሁሉ ይህ ይበልጣል።

አደራሽ ተጠብቋል፣ ማርታ። የተጠበቀውም እኔ ስለነገርኩት ሳይሆን ራሱ ስለተናገረው ነው።

ከእንግዲህ እሑድ ስመጣ የከተማውን ወሬ አልዘረግፍብሽም። አጠገብሽ በርኮታዬን አስቀምጬ ዝቅ እላለሁ፣ አንዲት ነገር እጠይቅሻለሁ፣ ከዚያ እጠብቃለሁ። መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። አንቺም ያኔ ምስርሽን እየለቀምሽ ጠይቀሽኝ ስንቴ መልስ ሳይመጣልሽ ቀርቷል፤ ጠብቀሽኝ ነበር። እኔም የማስታውስሽ እንደዚያ ነው፦ በመጠበቅ።

ይህን ስጽፍ ኪሶቼን ፈተሽኳቸው። አስሩም ፍሬዎች በቀኙ ናቸው።

ባልሽ፣ የቀድሞው ጡሩምባ፣
ታደሰ